በቆዳ ካንሰር ላይ ቅባት ከመቀባትዎ በፊት

ፊት ወይም እግር ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል ሰውን ቶሎ አታስደነግጥም። አታምም፣ ትኩሳት አታመጣም፣ ከሥራ አታስቀርም። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ «ለዚህች ነገር የሚሆን ቅባት ስጡኝ» ማለት ነው፤ ፋርማሲስቱም ከባንኮኒው ማዶ ሆኖ አየት አድርጎ አንድ ቱቦ ያቀብላል። ቁስሏ ችፌ ወይም ጭርት ከሆነች ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ካንሰር ከሆነች ግን ያ ቱቦ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይበላል፤ በጊዜው ቢሆን በአጭር ቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችል የነበረው ነገር አፍንጫን ወይም ጆሮን እስከማሳጣት ይደርሳል።

ቅባት ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለአንዳንድ የቆዳ ካንሰሮች፣ ይልቁንም ካንሰር ለመሆን ለተቃረበ የቆዳ ለውጥ፣ በምርምር የተፈተኑ ቅባቶች አሉ፤ በሚገባው ቁስል ላይ በሚገባው መጠን ሲቀቡ ሰውን ከቢላ ያድናሉ። ጉዳት የሚመጣው ቅባቱ ምርመራውን ሲቀድም፣ ቁስሉ ለቅባት የማይሆን ዓይነት ሲሆን፣ ወይም ሕክምናው ካለቀ በኋላ ተከታትሎ የሚያይ ሲጠፋ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ቁስል ለወጣበት ሰውና ለሚያስታምመው ቤተሰብ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁስሉን በብርሃን ይዩት

ጠዋት መስኮት አጠገብ ይቁሙ። ከቁስሉ ጎን የአንድ ብር ሳንቲም አድርገው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ሳንቲሙ መጠኑን ያሳያል፤ ስልኩ ቀኑን ስለሚይዝ ደግሞ ከወር በኋላ «አድጓል፣ አላደገም» እያሉ ከራስዎ ጋር አይሟገቱም። ጀርባና አናት ላይ ያለውን ሌላ ሰው ያንሳልዎ።

በ4 ሳምንት ውስጥ ያልዳነ ቁስል፣ እየደረቀ እየተላጠ ተመልሶ የሚደማ ቦታ፣ ጠርዙ ከፍ ብሎ የሚያብለጨልጭ እብጠት፣ ቅርፊቱ ቢነሣም መልሶ የሚያበቅል ሻካራ ቆዳ፣ ቀለሙ ወይም ቅርጹ የተለወጠ ጥቁር ነጥብ፣ እነዚህ ሁሉ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ነጥቡ ከልጅነት ጀምሮ «ማርያም የሳመችው» ሲባል የኖረ ቢሆንም እንኳ አሁን ከተለወጠ ያው ነው።

ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ መልኩ ይለያል። ቤዛል ሴል ካርሲኖማ የሚባለው፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የበዛው የቆዳ ካንሰር፣ በነጭ ቆዳ ላይ ሮዝ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ስለሚወጣ ተራ ነጥብ ይመስላል። ሜላኖማ የሚባለው ሌላው የቆዳ ካንሰር ደግሞ በጥቁር ሰው ላይ በብዛት የሚታየው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር። ስለዚህ ካልሲዎን ያውልቁ። ብዙ ጣቶች ላይ ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር በጥቁር ሰው ዘንድ የተለመደ ነው፤ አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ መስመር፣ ወይም ከጥፍሩ አልፎ ወደ ቆዳው የዘለቀ ጥቁረት ግን ቀጠሮ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም።

ቦብ ማርሊ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። የእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የታየው ነገር የእግር ኳስ ጉዳት ተደርጎ ተወስዶ ነበር፤ በ1977 ሲመረመር ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። ጣቱ እንዲቆረጥ ሲመከር አልተቀበለም፤ ጥፍሩና ከሥሩ ያለው ሥጋ ብቻ ተነሥቶ ከጭኑ በተወሰደ ቆዳ ተሸፈነለት። በማግስቱ ዓመት ኢትዮጵያን ጎበኘ፣ በ1980 መጨረሻ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ማያሚ ውስጥ አረፈ። መስቀል አደባባይ በ2005 60ኛ ልደቱን ለማክበር ከወጣው ሕዝብ ውስጥ የሞተው በቆዳ ካንሰር መሆኑን የሚያውቅ ምን ያህል እንደነበር ያጠራጥራል።

ከሌላው ይልቅ ፈጥነው መሄድ ያለባቸው ሰዎች አሉ። ከአልቢኒዝም ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቆዳን ከፀሐይ የሚጋርደው ሜላኒን ስለሚያንሳቸው ገና በወጣትነታቸው ፊታቸው፣ ጆሯቸውና አንገታቸው ላይ ካንሰር ሊወጣ ይችላል፤ ደጋ ላይ እያረሱ ወይም ከብት እየጠበቁ ላደጉት ደግሞ ይብሳል። ሁለተኛዎቹ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ወይም ለዓመታት ያልጠገገ የእግር ቁስል ያለባቸው ናቸው። በልጅነቱ ምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለ ሰው ጠባሳው ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ተከፍቶ አልድን ካለ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቁስል በሕክምና እስከ ዛሬ የሚጠራው በ1828 ስለ ጠባሳ ቁስሎች በጻፈው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም በማርዦሊን ስም ነው። ሦስተኛዎቹ በኤችአይቪ ወይም ኩላሊት ከተተከለ በኋላ በሚወሰድ መድኃኒት ምክንያት የሰውነታቸው መከላከያ የደከመ ሰዎች ናቸው።

እጅዎ ላይ ያለውን ቱቦ ያስቀምጡ

ሐኪም እስኪያዩ ድረስ ምንም አይቀቡ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በየቤቱ አንድ ቱቦ አይጠፋም።

በብዛት የሚገኘው ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት የስቴሮይድ ቅባት ነው፤ አንዳንዱ ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። ስቴሮይድ ማሳከክንና መቅላትን ያበርዳል። ካንሰር ላይ ሲቀባም እንዲሁ ያደርጋል፤ ዙሪያው ይረግባል፣ ሰውየውም «ተሻለኝ» ይላል። ዕጢው ግን አልተነካም። እንዲያውም ስቴሮይዱ በዚያ ቦታ ያለውን የሰውነት መከላከያ ስለሚያዳክም ከዕጢው ጋር የሚታገለውን ወገን ያስተኛል። ቆዳ ለማቅላት የሚቀቡ ብዙ ክሬሞችም ሣጥናቸው ላይ ባይጻፍ እንኳ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ከዓመታት በኋላ ቆዳውን አሳስተው ፀሐይን የሚጋርደውን ቀለም ስለሚቀንሱ ጉዳታቸው ድርብ ነው።

ሌላው ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ቱቦ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለች እኅት ለራሷ የቆዳ ችግር ከታዘዘላት ኤፉዴክስ (ፍሎሮዩራሲል) ወይም አልዳራ (ኢሚኩዊሞድ) የተረፈውን «ለእኔ ሠርቶልኛል» ብላ በፍቅር ትልካለች። መድኃኒቱ እውነተኛ ነው፣ የታዘዘው ግን ለእሷ ቁስል ነው። የእርስዎ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም።

ከሁሉ የከፉት የሚያቃጥሉት ናቸው። አሜሪካና አውስትራሊያ ውስጥ ብላክ ሳልቭ በሚል ስም የሚሸጥ ጥቁር ቅባት አለ። ብዙውን ጊዜ ብለድሩት የተባለ የሰሜን አሜሪካ ተክል ሥርና ዚንክ ክሎራይድ የሚባል ሥጋ የሚበላ ኬሚካል ይገኝበታል። ሲቀባ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ከቀናት በኋላም ወፍራም ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል። ሻጮቹ ቅርፊቱን «ካንሰሩ ከነሥሩ ወጣ» ብለው ያሳያሉ። እውነቱ ግን ቅባቱ ጤነኛውን ከታመመው ሳይለይ ማቃጠሉ ነው። በሕክምና መጽሔቶች ላይ የተመዘገቡት ሕሙማን ታሪክ ያሳዝናል፦ ላዩ ድኖ ጠባሳ ከያዘ በኋላ ካንሰሩ ከሥሩ ሲያድግ የተገኘባቸው፣ ሜላኖማቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨባቸው፣ አፍንጫቸው የተበላባቸው አሉ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤም ሆነ የአውስትራሊያው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሕዝቡን አስጠንቅቀዋል።

አገራችንም የራሷ የሚያቃጥሉ ዕፅዋት አሏት። የአዞ ሐረግ ቅጠል ተወቅጦ ነቀርሳ በተባለ እብጠት ላይ ይታሰራል፤ ቆዳውን ውኃ አስቋጥሮ ይልጣል። የቁልቋል ወተት ኪንታሮት ላይ ይንጠባጠባል። እነዚህን የሚያዘጋጁ አዋቂዎች የዕፅዋት ዕውቀታቸው ጥልቅ ነው፣ ሊከበርም ይገባዋል፤ ይሁን እንጂ የተላጠው ቆዳ ከሥሩ ምን እንደቀረ በዓይን ማየት ለማንም አይቻልም።

የቁልቋል ነገር ከተነሣ አንድ ታሪክ ሊነገር ይገባል። አውስትራሊያ ውስጥ ከቁልቋል ወገን የሆነች ትንሽ አረም አለች፤ ሕዝቡ ወተቷን ለቆዳ በሽታ ሲቀባ ኖሯል። ሳይንቲስቶች ከዚያ ወተት ኢንጀኖል ሜቡቴት የተባለ ንጥረ ነገር አውጥተው ፒካቶ የሚባል ጄል ሠሩ፤ በ2012 አሜሪካ ውስጥ ለአክቲኒክ ኬራቶሲስ፣ ማለትም ፀሐይ ለሚያመጣው ካንሰር ለተቃረበ ሻካራ ቆዳ፣ ተፈቀደ። የሚቀባው ለ2 ወይም ለ3 ቀን ብቻ ስለነበር ብዙዎች ወደዱት። ተጠቃሚዎቹን ለ3 ዓመት የተከታተለ ጥናት ግን ፒካቶ ከተቀቡት 3.3 በመቶው፣ ኢሚኩዊሞድ ከተቀቡት ደግሞ 0.4 በመቶው የቆዳ ካንሰር እንደወጣባቸው አሳየ። በጥር 2020 የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ሽያጩን አገደ። በቤተ ሙከራ ተጣርቶ፣ ተመዝኖ፣ በሐኪም የታዘዘው እንኳ ጉዳቱ የታየው ከዓመታት ክትትል በኋላ ነው፤ ማንም ያልመዘነው ወተት ደግሞ ክትትል የለውም።

ናሙና ይስጡ

የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ፍሬድሪክ ሞህስ በ1930ዎቹ የቆዳ ካንሰርን ያክም የነበረው በዚንክ ክሎራይድ ልጥፍ ነበር፤ ዛሬ ብላክ ሳልቭ ውስጥ ያለው ያው ኬሚካል። እሱ ግን ልጥፉን ቀብቶ አልሄደም። ልጥፉ ያደረቀውን ሥጋ በስሱ እየቆረጠ ታችኛውን ገጽ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ ካንሰር የቀረበትን ጥግ ካርታ ላይ ያሰፍራል፤ ወደዚያው ጥግ ተመልሶ እንደገና ይቆርጣል፤ ንጹሕ እስኪሆን። በኋላ ልጥፉ ቀርቶ ሥጋው ትኩሱን የሚቆረጥበት ዘዴ ተተካ፤ የሞህስ ቀዶ ሕክምና ዛሬም የሚሠራው እንዲያ ነው። ሰዎቹን ያዳናቸው ማይክሮስኮፑ ነበር።

ስለዚህ የእርስዎ ቁስልም ማይክሮስኮፕ ሥር መግባት አለበት። ጤና ጣቢያ ሄደው ወደ ቆዳ ሐኪም ሪፈር ያስጽፉ። ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር ስማቸው ተያይዞ የኖሩት አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታልና ደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው፤ ሌሎች ሪፈራል ሆስፒታሎችም ይሠሩታል።

ናሙና መውሰድ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ሐኪሙ ቦታውን በአልኮል ይጠርግና ማደንዘዣ ይወጋል፤ የሚያቃጥለው ይህች መርፌ ናት፣ እሷም ለጥቂት ሰኮንድ። ከዚያ አፉ ክብ የሆነ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መብሻ ቆዳው ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆምና በአውራ ጣቱና በጠቋሚው መካከል ያሽከረክረዋል። መግፋት ይሰማዎታል እንጂ ሕመም አይሰማዎትም። የተከበበችው ሥጋ ብቅ ስትል በቀጭን መቀስ ከሥሯ ትቆረጥና ፎርማሊን ወዳለበት ብልቃጥ ትገባለች፤ ቦታው በአንድ ወይም በሁለት ስፌት ይዘጋል። ከመውጣትዎ በፊት ብልቃጡ ላይ ሙሉ ስምዎና የተወሰደበት ቦታ፣ ለምሳሌ «የግራ ጉንጭ»፣ መጻፉን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ ይጠይቁ። በደረሰ ጊዜም ቅጂውን ተቀብለው ፎቶ ያንሱት፤ ዋናው ቢጠፋ ፎቶው ይቀራል።

«ነቀርሳ ብረት ከነካው ይቆጣል» የሚለው ስጋት ብዙ ሰው ያስቀራል። ናሙና መውሰድ ካንሰርን አያሰራጭም። ስጋቱ የመጣው ሰው ወደ ቢላው የሚሄደው ሁሉን ሞክሮ ካቃተው በኋላ ስለሆነ ነው፤ በዚያ ሰዓት በሽታው አስቀድሞ ተሰራጭቷል፣ ከተቆረጠ በኋላ ሲብስ ግን ጥፋተኛው ቢላው ይመስላል።

ቀደም ሲል ቅባት ተቀብተው ከሆነ አይደብቁ። ቱቦውን ከነካርቶኑ ይዘው ይሂዱ፤ ባህላዊ መድኃኒትም ከሆነ ይናገሩ። የተቃጠለ ወይም በስቴሮይድ የረገበ ቆዳ ማይክሮስኮፕ ሥር መልኩ ይለወጣል፤ ላዩ የዳነ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምረውን ሐኪም፣ ማለትም ፓቶሎጂስቱን፣ ሊያሳስት ይችላል። ሐኪሙ ካወቀ ግን ጠለቅ አድርጎ ይወስዳል።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ይጠይቁ

«ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» ብለው ብቻ አይመለሱ። የሚወስነው ዓይነቱና ጥልቀቱ ነው።

የላይኛው የቆዳ ሽፋን በአብዛኛው ሰውነት ላይ ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ቅባት ጉልበት ያለው እዚያ ነው። በሽታው ከዚያ ካልወረደ፣ ማለትም አክቲኒክ ኬራቶሲስ፣ የቦወን በሽታ የሚባለው ገና ሥር ያልሰደደ ስኳመስ ሴል፣ ወይም ላዩን ብቻ የተዘረጋ ቤዛል ሴል ከሆነ፣ ስለ ቅባት መነጋገር ይቻላል። በእነዚህም ላይ እንኳ በሽታው በጸጉር ቀዳዳ በኩል ወደ ታች ሊወርድና ቅባቱ ሳይደርስበት ሊቀር ይችላል። እብጠት የሠራ ወይም ጭራ እያበጀ ወደ ውስጥ የገባ ቤዛል ሴል፣ ጥልቀት የያዘ ስኳመስ ሴልና ሜላኖማ ግን በራስ ውሳኔ በቅባት አይሞከሩም። ላዩን ቀብቶ ማድረቅ እንደ ሰርዶ ነው፤ ቅጠሉ ይታጨዳል፣ ሥሩ ከመሬት በታች ወደ ጎን ይሮጣል።

በተለይ ስኳመስ ሴል ላይ መደራደር አይገባም። ቤዛል ሴል ወደ ሌላ አካል የሚሰራጨው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ስኳመስ ሴል ግን፣ ከንፈርና ጆሮ ላይ ሲሆን ይልቁንም፣ ወደ አንገት ንፍፊቶች ሊሄድ ይችላል።

ስለ ውጤታማነቱ ያሉት ቁጥሮች ግልጽ ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ ዝቅተኛ ስጋት ያለው ቤዛል ሴል ባላቸው 501 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከ5 ዓመት በኋላ ቀዶ ሕክምና ለ97.7 በመቶው፣ ኢሚኩዊሞድ ክሬም ደግሞ ለ82.5 በመቶው ሠርቶ ተገኘ። ኔዘርላንድ ውስጥ ላዩን በተዘረጋ ቤዛል ሴል ላይ 601 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ከ5 ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የቀሩት ኢሚኩዊሞድ ከተቀቡት 80.5 በመቶ፣ ፍሎሮዩራሲል ከተቀቡት 70 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። እነዚህ ናሙናቸው ታይቶ፣ ተመርጠው፣ በሐኪም ክትትል ሥር የተቀቡ ሰዎች ናቸው። ሳይመረመር ለሚቀባ ሰው ይህ ቁጥር አይሠራም።

ታዲያ ለምን ይታዘዛል? ለ85 ዓመት አዛውንት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው፣ ቅልጥሙ ላይ ቆስሎ ቶሎ ለማይድንለት፣ ወይም ብዙ ቦታ ለወጣበት ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሊከብድ ይችላል። ቤዛል ሴል ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ቢመለስም ብዙ ጊዜ የመቁረጥ ዕድል አለ። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ባለው ደረጃ ደግሞ ቅባት ዋጋው ትልቅ ነው፦ 932 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች በተሳተፉበት ጥናት አንድ ዙር የፍሎሮዩራሲል ክሬም በመጀመሪያው ዓመት ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ስኳመስ ሴል የመውጣቱን ዕድል በ75 በመቶ ቀንሷል። ቻርልስ ሃይደልበርገር ፍሎሮዩራሲልን በ1957 ያስተዋወቀው ሞህስ በሚሠራበት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሐኪምዎ ቅባት ካዘዘልዎ ዓይነቱ ላዩን የተዘረጋው መሆኑን፣ ስፋቱ ስንት እንደሆነና ለምን ቀዶ ሕክምና እንዳልተመረጠ ይጠይቁት። ኢሚኩዊሞድ ለቤዛል ሴል በአሜሪካ የተፈቀደው ዲያሜትሩ ከ2 ሴንቲ ሜትር ላልበለጠ፣ ለግንድ አካል፣ ለአንገት፣ ለክንድና ለእግር ነው፤ ፊት፣ እጅና ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው እግር አይገቡበትም፤ የመከላከያ አቅማቸው ለደከመ ሰዎችም አልተፈቀደም። አፍንጫ፣ የዓይን ቆብ፣ ከንፈር ወይም ጆሮ ላይ ከሆነ ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ነውር የለውም።

ቅባት ከታዘዘልዎ

ቀኑን ይቁጠሩ። ፍሎሮዩራሲል 5 በመቶ ለአክቲኒክ ኬራቶሲስ በቀን 2 ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል፤ ለቤዛል ሴል ይረዝማል። ኢሚኩዊሞድ ለቤዛል ሴል በሳምንት 5 ቀን፣ ማታ ከመተኛት በፊት፣ ለ6 ሳምንት ነው፤ ከቁስሉ ዙሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ይቀቡና 8 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ በሳሙናና ውኃ ይታጠቡታል። የዘለሉት ቀን ካለ በማግስቱ እጥፍ አድርገው አይቀቡ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ፍሎሮዩራሲል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም የሠራ አይመስልም። ቀጥሎ ቆዳው ይቀላል፣ በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ይጠቁራል ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል፤ ያቃጥላል፣ ይላጣል፣ ይረጥባል፣ ቅርፊት ይይዛል። ሕክምናው ሊያልቅ ሲል ከጀመሩበት ቀን ይልቅ እጅግ የከፋ ይመስላል፤ ቅባቱ ከቆመ በኋላም እስኪድን ሳምንታት ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ መሐል ላይ ይተወዋል፣ ወይም ለማብረድ ስቴሮይድ ይደርብበታል። ሁለቱም ግማሽ የሞተ በሽታ ትቶ መሄድ ነው። ሕመሙ ካልተቻለዎ ለሐኪሙ ይደውሉ፤ የዕረፍት ቀናት ሊሰጥዎ ይችላል። «ይበልጥ ይጥራ» ብሎ ከታዘዘው ቀን ማሳለፍም ጤነኛውን ቆዳ ማቁሰል ነው።

አንዳንድ ምልክቶች ግን የሚታገሡ አይደሉም፦ መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ እብጠት፣ ከፍተኛ ትኩሳት። ኢሚኩዊሞድ የሰውነትን መከላከያ ስለሚቀሰቅስ እንደ ጉንፋን ያለ ድካምና ቁርጥማት ሊያመጣ ይችላል፤ ካየለ ይንገሩ። ፍሎሮዩራሲልን የሚያፈርስ ዲፒዲ የተባለ ኢንዛይም በተፈጥሮ የሌላቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ክሬሙን ከጀመሩ በኋላ አፍዎ ከቆሰለ፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ወዲያው አቁመው ሆስፒታል ይሂዱ። ነፍሰ ጡር ፍሎሮዩራሲልን መቀባት የለባትም፤ ለሌላ ሰው የምትቀባም ከሆነ ጓንት ታድርግ።

ከዳነ በኋላ ቦታው ከሌላው ቆዳ ነጥቶ ወይም ጠቁሮ ሊቀር ይችላል፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው። በጠይም ፊት ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሐኪሙ ካላነሣው እርስዎ ያንሡት።

የተረፈውን ቱቦ ለሌላ ሰው አይስጡ፣ ክፍት ቆሻሻ ላይም አይጣሉ። ኤፍዲኤ በ2017 ውሾች የፍሎሮዩራሲል ቱቦ ነክሰው መሞታቸውን አስታውቋል። ለመድኃኒት ቤት ይመልሱት።

ካለቀ በኋላ

ቅርፊቱ ረግፎ ቆዳው ለስላሳ ሲሆን ሰው የዳነ ይመስለዋል። ቀዶ ሕክምና ቢሆን የተቆረጠው ሥጋ ጠርዙ ንጹሕ መሆን አለመሆኑ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ከቅባት በኋላ ግን የሚታይ ጠርዝ የለም። ያለው ማረጋገጫ ጊዜ ብቻ ነው። የኢሚኩዊሞድ ሕክምና በትክክል የሚገመገመው ካበቃ ከ12 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው፤ ያንን ቀጠሮ አይዝለሉ። በእንግሊዙ ጥናት ክሬሙ ካልሠራላቸው ሰዎች የሚበዙት የታወቁት በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ስለሆነ በዚያ ዓመት ተቀራራቢ ቀጠሮ ይጠይቁ፤ ከዚያም ቢያንስ እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ይታዩ። ገጠር ለሚኖር ሰው ይህ የመንገድና የአልጋ ወጪ ነው፤ ሕክምናው ሲመረጥ ወጪው አብሮ መቆጠር አለበት። 5 ዓመት መመላለስ ለማይችል ሰው አንዴ ተቆርጦ ጠርዙ ታይቶ የሚያልቀው ቀዶ ሕክምና ይሻለው ይሆናል፤ ይህንንም ለሐኪሙ በግልጽ መናገር ተገቢ ነው።

በዚያው ቦታ ወይም በጠባሳው ዳር ቅርፊት፣ እብጠት ወይም ደም ከታየ ያንኑ ቅባት ደግመው አይጀምሩ። የመጀመሪያውን የፓቶሎጂ ወረቀት፣ የቅባቱን ስምና የተቀቡበትን ቀናት ይዘው ይሂዱና ሁለተኛ ናሙና እንዲወሰድ ይጠይቁ፤ ተመልሶ የመጣ ካንሰር ዓይነቱ ከመጀመሪያው ሊለይ ስለሚችል የድሮው ውጤት ብቻውን አይበቃም።